የፍል ውሃው የሴቶች በር

ስሸኝ ጃንጥላ ሰጡኝ። ጥሩ ጃንጥላ ነው፤ እጀታው ቆልመም ያለ፣ ሲከፈት ጧ የሚል። ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎን ጨብጦ «እማማ ዘውዴ የሴቶችን በር ስንት ዘመን ጠብቀውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሳሁ፤ ምን ላድርግ፣ እጅ መንሳት ለምዶብኛል። ግን የትኛውን በር ነው የሚለው? በሩን ራሳቸው አፍርሰውት የለም እንዴ! መጨረሻ ላይ የምጠብቀው እኮ በር አልነበረም፤ ባዶ አየር ነው። ለአየር ጠባቂነት ነው ጃንጥላ የተሸለምኩት።

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ቀድሜ ልናገር። ልጆቼ «እማ፣ አንቺ እኮ ቁጣ አያምርብሽም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ስቆጣም የምለማመጥ እመስላለሁ። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጅ አዝዬ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሱኝ፤ ወደ ነገሬ መመለሴ አይቀርም።

የወልድያ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ የሠራሁት እዚያው አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ አንድ አልጋ ቤት አንሶላ ማጠብ ነው። አልጋ ቤት ብዙ ያሳያል። ማን በደስታ እንደገባ፣ ማን እየተጎተተ እንደገባ አንሶላ አጣቢ ታውቃለች። ማየቱን እዚያ ተማርኩ፤ መናገሩን ግን ማን ያስተምረኝ? ባለቤቴ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ዘንድ የቀን ሥራ ሲያገኝ ተከትዬው ወረድኩና መንገድ ዳር ዳቦና ሻይ ሸጥኩ። እሱ ሲሞትብኝ መርሳ እህቴ ጋ ገባሁ። «ፍል ውሃው ሴት ጠባቂ ይፈልጋል» ሲሉ የሰማሁት መርሳ ገበያ ላይ፣ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ሽንኩርቱን ትቼ ሄድኩ።

ፍል ውሃው ከመርሳ ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ ነው። ከቋጥኝ ሥር ይፈልቃል፤ ማለዳ ላይ እንፋሎቱ ሸለቆውን ይሞላዋል። ላይኛው ገንዳ የሴቶች፣ የልጆችና የአቅመ ደካሞች፣ ታችኛው የወንዶች ነበር፤ በመካከላቸው ደግሞ አያቶቻችን የካቡት ረጅም የድንጋይ ካብ፤ የሴቶቹ በር የሚባለውም እሱ ላይ ነው። በዘመኔ ያልመጣ ሰው የለም። ወገቡን የያዘው በቃሬዛ ይመጣል፣ ሙሽሮች በሚኒባስ እየጨፈሩ ይመጣሉ፣ የከተማ ሰው እሑድ እሑድ ልጆቹን ጭኖ ይመጣል፣ ፈረንጅም ይመጣል። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ውሃ ነው የሚነከረው። አለቆቹ ግን ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ ቀበሌው፣ ከዚያ ማኅበር፣ በመጨረሻ ባለሀብት። ደመወዙ በሦስቱም ዘመን ትንሽ ነበር፤ እሱን ልተወው።

ሥራውን ያስተማረችኝ እትየ ሐዋ ናት። ከኔ በፊት የነበረች ጠባቂ፣ ቀጭን፣ ጥርሷ በጫት የጠቆረ፣ ሳቂታ ሴት። መጀመሪያ ቀን ገንዳው አጠገብ ቆሜ ውሃው ላይ አፍጥጬ አየችኝ።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ልጅ እንዳይሰምጥ ነዋ።»

«የሚሰምጠውንስ እናቱም ታየዋለች። አንቺ ዙሪ። ጀርባሽን ለውሃው ስጪና የሚያየውን ሰው እዪ።»

እሷ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የምትቀመጠው፤ ጀርባዋ ለውሃው፣ ፊቷ ለሰው። ልጆቹን ሳይሆን ልጆቹን የሚያየውን ታያለች። የራሱ ልጅ ሳይኖር ብስኩት ይዞ የሚመጣውን፣ በካቡ ቀዳዳ የሚያጮልቀውን፣ «ታምሜ ነው» ብሎ ከታመሙት መሃል የሚቀመጠውን ጤነኛ ለይታ «ወንድሜ፣ ያንተ ገንዳ ወደ ታች ነው» ትለዋለች፤ በፈገግታ። ፈገግታዋን ያልተረዳ ደግሞ ዱላዋን ይረዳል።

ሌላው ልማዷ የጫማው ነው። ያኔ ልጁ ሁሉ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ያው ፕላስቲኩ። ልጅ ሲገባ አንዱን እግር ታወልቅና ለአመጣው ሰው ትሰጠዋለች፤ ሌላውን እሷ ታስቀምጣለች። ሲወጡ ሰውየው በእጁ ያለውን ካላሳየ ልጁ አይወጣም። ኮንጎ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አንዱ በጋለ ቢላ የተበየደ ነው፣ አንዱ ተረከዙ ተበልቷል። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ የልጅ ልጁን ሊወስድ መጣ።

«ጫማዋስ?» አለችው።

«እቤት ረሳሁት። እኔን አታውቂኝም?»

«አብሬዎት ነው ያደግኩት። ጫማውን ያምጡ።»

«ሐዋ! ደመወዝሽን የምፈርመው እኔ ነኝ እኮ!»

«ለዚሁ ነው የሚፈርሙልኝ።»

ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ አመጣው። እየተሳደበ ነው፣ ግን አመጣው። እሷ ከኋላው እየሳቀች «የማናውቀውን ሰው ሁሉም ይጠረጥረዋል፤ እኛን የቀጠሩን የምናውቀውን እንድንጠይቅ ነው» አለችኝ። ይህን ነገር ያኔ እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ሦስተኛውን ልማዷን ከሁሉ እወደዋለሁ። አቅመ ደካማ፣ አእምሮው የታመመ፣ መናገር የማይችል ሰው ሲመጣ ይዞት የመጣው ዘመድ ነው የሚያወራው፤ «ይግባ፣ ይነከር፣ ያዙልኝ» እያለ። እትየ ሐዋ ዘመድየውን አትሰማውም። በሽተኛው ፊት ቁጢጥ ትልና «አንተስ፣ መግባት ትፈልጋለህ?» ትለዋለች። ከዚያ ዝም። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰው ያጉረመርማል፤ እሷ ዝም ብላ ትጠብቃለች። በዓይኑም ይሁን በእጁ አንድ ነገር እስኪመልስ አትነሳም። «አይሆንም» ካለ አይገባም፤ በቃ። አንድ ሽማግሌ ልጆቻቸው በግድ ሊያስገቧቸው ሲሉ እንዲህ ጠይቃቸው አለቀሱ። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው ያለቀሱት።

እትየ ሐዋ ስትሞት ዱላዋን እኔ ወረስኩ።

አሁን ወደ ጦይባ ልምጣ። ሳይከብደኝ አይደለም።

ጦይባ ዕድሜዋ ሃያን አልፏል፤ ልቧ ግን የሕፃን ነው። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ተኮማትሯል፤ ሙቅ ውሃው ሲያገኘው ይፍታታላታል፣ ካልነከረችው ደግሞ እንደ እንጨት ይደርቃል። እናቷ ፋጡማ ባሏ የሞተባት፣ ከውሃው ማዶ ጓሮ የምታለማ ሴት ናት። ጦይባ ውሃው ውስጥ ስትገባ ትዘፍናለች። ዜማው አምባሰል ይመስላል፤ ቃሉን ከራሷ ነው የምትፈጥረው፤ ስለ ፍየሏ፣ ስለ እናቷ ማሳ፣ ስለ ውሃው። ሴቶቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ይሰሟታል። ሲያልቅ «ደግ ነው?» ትላለች። «ደግ ነው!» እንላለን። ሌላ ጭብጨባ አትፈልግም።

እሷን ወደ ውሃው ተሸክሞ የሚያስገባት ይማም ነበር፣ የጡት ወንድሟ። እሱ ሲወለድ እናቱ ታማ ጡቷ ደረቀ፤ ፋጡማ ጦይባን እያጠባች ነበርና በአንዱ ጡት እሷን፣ በአንዱ እሱን አሳደገች። በኛ አገር የጡት ወንድም ወንድም ነው። አይጋቡም፣ አይተፋፈሩም፤ ሻሿን አውልቃ ፊቱ ብትቀመጥ ነውር የለውም። ስለዚህ ከሴቶቹ ካብ እንዲያልፍ የተፈቀደለት ብቸኛ ጤነኛ ጎልማሳ እሱ ነበር። እናቷ ለመነች፣ የቦታው ሽማግሌዎች ፈቀዱ። ማንም «ጫማው የት አለ?» አላለውም። ወንድም ይጠየቃል እንዴ? እንዲህ ያለ ስህተት የኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው፤ የጡትን ነገር ከመሐላ አስበልጠን ስለምናከብር።

ከዚያ ባለሀብቱ መጣ። ቦታው መዝናኛ ተባለ፤ ሰሌዳ ተተከለ፣ ለስላሳና ጥብስ መሸጥ ተጀመረ፣ ሙዚቃ ተከፈተ። ይማም አስጎብኚ ሆኖ ተቀጠረ፤ አፉ ይጣፍጣል፣ ልብሱ አምሮ ነበር። በዚያ ሳምንት ካቡን አፈረሱት። ከላይ የሚቀመጠው እንግዳ ምግቡን እየበላ ውሃውን እንዲያይ ነው አሉ። «ውሃውን?» አልኩ ለሥራ አስኪያጁ። «ውሃው ውስጥ ያሉትስ?»

«እማማ፣ ዘመኑን ይዋጁት እንጂ» አለኝ።

እሑድ እሑድ ሰው ሲበዛ እኔን ከሴቶቹ ገንዳ አንስቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ይመድበኝ ጀመር። አሮጊት ሲያዩ ሾፌሮች አይጣሉም ብሎ። እኔ መኪና ልጠብቅ፣ ሰው ማን ይጠብቅ? «ይማም አለ» ተባልኩ።

ይማም ነበር፤ አዎ። በአንደኛው እሑድ ጦይባን ተሸክሞ አስገባት፣ ሻሿን አወለቀላት፣ «ዝፈኝ» አላት፣ በስልኩ ቀረጻት። እርጥብ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተለጥፎ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትዘፍን። ከዚያ ሙዚቃ ደርቦበት ለቀቀው። «እብዱን የሚያዘፍን ፍል ውሃ፤ መጥተው ይዩ» የሚል ቃል ጽፎበታል። ድርጅቱም ተቀብሎ ማስታወቂያ አደረገው። ሰዉ ጎረፈ። ከሚኒባስ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የምትዘፍነዋ የት አለች?» ነው።

ፋጡማ የሰማችው መርሳ ገበያ ነው። ጦይባን ይዛ ቲማቲም ስትሸጥ የጎረምሳ መንጋ ከበባቸው፤ የጦይባን ዜማ እያስመሰሉ፣ እንደሷ እያነከሱ ዘፈኑባት። አንዱ ስልኩን ፊቷ ላይ ደገነና «ያቺውልሽ! አንቺ ነሽ!» አላት። ጦይባ አየች። ከዚያን ቀን በኋላ ውሃ አልገባም አለች። መዝፈንም ተወች። እግሯ ይደርቅ ጀመር፤ ሌሊት ሌሊት ታቃስታለች አለችኝ እናቷ። የሰው ልጅ መድኃኒቱን እንዲህ ነው የሚቀማው እንግዲህ፤ በጉልበት አይደለም፣ በሳቅ።

ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ ደረቴን አልደቃም። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ «ምስሉን አንሱት» ስለው «እማማ፣ ታዋቂ አደረግናት እኮ!» አለኝ። ስሙን ወደማልጠራው ቢሮ ሄድኩ፤ ወጣቱ ሹም «ተነክታለች?» አለኝ። «በእጅ አልተነካችም» አልኩት። «ታዲያ ምን ብዬ ልክሰስ?» አለኝ። ደረቷን፣ ፀጉሯን፣ ድምፅዋን አገር ሙሉ እየነካው «አልተነካችም» ተባለች። ይኸው ነው።

ሲቸግር ሽምግልና ተጠራ። የይማም ቤተሰቦች በግ ይዘው ፋጡማ ግቢ መጡ። ሼህ እንድሪስ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ፣ መሃል ተቀመጡ። ይማም እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። እኔን ለምስክርነት ጠርተውኝ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ።

«ያ ጀማዓ» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ «ነገሩ የቤት ነው። እህትና ወንድም ናቸው፤ አንድ ጡት ጠብተዋል። ልጁም አጥፍቻለሁ ብሏል። ፋጡማ፣ ምን ትያለሽ?»

ፋጡማ መሬት መሬቱን እያየች «እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ» አለች።

ይህን ቃል ሴት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። እሺ ማለት አይደለም። ደክሞኛል ማለት ነው። ከእርቅ በኋላ ደግሞ ነገሩን ማንሳት ነውር ነው፤ አፋችን ሁሉ ሊዘጋ ነው። በሩን የከፈተው ወንድምነቱ ነበር፤ አሁን ደግሞ አፋችንን የሚዘጋው ያው ወንድምነቱ ሊሆን ነው። እጆች ለዱዓ ተዘረጉ። ከሴቶቹ መሃል ተነሳሁ።

«ሼህ እንድሪስ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ሰው ሳይጠየቅ ቀርቷል።»

«ማን ቀረ?»

«ጦይባ።»

ከበጉ አጠገብ የተቀመጠው የይማም አጎት ሳቀ። «ምን ልትለን ነው? ትዝፈንልን?»

«ዝም በል አንተ!» አሉት ሼህ እንድሪስ። ወደኔ ዞሩ። «ዘውዴ፣ የልጅቱን ልብ ታውቂያለሽ። ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«እትየ ሐዋ እንደምትጠይቀው ነዋ። ይጠይቋትና ዝም ብለው ይጠብቋት።»

«አይ ሐዋ፣ አላህ ይዘንላት» አሉ፤ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ጥሯት።»

ጦይባ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን እየጎተተች ወጣች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራዋለች። ሼህ እንድሪስ ከመደባቸው ወርደው ፊቷ ቁጢጥ አሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው።

«ጦይባ ልጄ፣ ይማም በድሎሻል። አውፍ ትይዋለሽ?»

ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። ሰው ተቁነጠነጠ። በጉ ጮኸ። አጎትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። እሳቸው እንዳሉ ናቸው።

ጦይባ ወደ ይማም ሄደች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻው አነሳችና መሬት ላይ አኖረችው። «ከባድ ነው» አለች።

«አልሐምዱሊላህ! አውፍ አለችው!» ተባለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አጎትየው የበጉን ገመድ ሊፈታ ተነሳ። ጦይባ ግን አልጨረሰችም። እጇን ይማም የሸሚዝ ኪስ ላይ፣ ስልኩ ያለበት ላይ አሳረፈች።

«እሷንም አውጣት» አለችው።

«ማንን?»

«እዚህ ውስጥ ያለችውን። ረጥባለች፣ ሻሽም የላትም። ይበርዳታል፤ አውጣት።»

እልልታው ተቋረጠ። ይማም ስልኩን አወጣ። «አጥፍቼዋለሁ እኮ ጦይብዬ፤ እይ፣ የለችም።»

ስልኩን አገላብጣ አየች። «የት ሄደች?»

ይማም ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«መልስላት እንጂ» አሉት ሼህ እንድሪስ።

«ሼህ … ሰው ጋ ነው ያለችው። በየሰዉ ስልክ።»

«ማውጣት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

ሼህ እንድሪስ ለዱዓ ሊዘረጉት የነበረውን እጅ ሰበሰቡ። «እንግዲያው የታረቀ የለም» አሉ። «እሷ ያንተን ድንጋይ አውርዳልሃለች፤ የሷን ያወረደላት የለም። በጉን ውሰዱት። አንተ ደግሞ ያቺ ልጅ የደረሰችበት ድረስ ሂድ። መርሳ ካለች መርሳ፣ ውርጌሳ ካለች ውርጌሳ፣ ወልድያም ካለች ወልድያ። በየሰዉ ፊት ቁምና አጥፉልኝ በል። ጨርሰህ ስትመጣ እንቀመጣለን።»

ሽማግሌ እርቅ ትቶ ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አጎትየው በጉን እየጎተተ ሲወጣ በኔ በኩል አለፈና «ተደሰትሽ?» አለኝ። አልተደሰትኩም። ግን ቀና ብዬ አየሁት፤ እጅ አልነሳሁም።

ይማም ጥቂት የገበያ ቀን መርሳ ዞረ። እውነቱን ልናገር፣ ዞረ። አንዳንዱ አጠፋለት። አንዳንዱ ግን ምን አለው መሰላችሁ? «መጀመሪያ አሳየንና እናጠፋለን!» ከዚያ ወልድያ ሚኒባስ ላይ ረዳትነት አገኘ ሲሉ ሰማሁ። ጨርሶ አልተመለሰም። ድርጅቱ ምስሉን አውርጃለሁ ይላል፤ ካቡ ግን እንደፈረሰ ነው፣ ከላይ የሚበላው ሰውም ስልኩን እንደደገነ ነው። እኔንም «ስማችንን አጠፉ» ብለው በአደባባይ ከሚያባርሩኝ በጃንጥላ ሸኙኝ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች፣ ሂዱ፤ ውሃው ምን አጠፋ? ግን ጀርባችሁን ለውሃው ስጡና ተቀመጡ። የሚያውቋችሁንም ጠይቁ። ደካማ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከማስገባታችሁ በፊት ራሱን ጠይቁት፤ ከዚያ አፋችሁን ያዙ፣ ጠብቁት።

ጦይባ ወደ ውሃው የተመለሰችው ብዙ ቆይታ ነው። በገመድ ተጎትታ አይደለም፤ በየጊዜው እቤቷ እየሄድኩ «መግባት ትፈልጊያለሽ?» እያልኩ እጠብቃታለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ ወደ ቤቴ። አንድ ቀን ተነሳችና እጄን ያዘችኝ። አሁን እንግዳው ሳይመጣ፣ ሙዚቃው ሳይከፈት፣ ማለዳ እንወርዳለን። እኔ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ከፍዬ እገባለሁ። እናቷ ጋቢውን ባንድ ወገን ትወጥራለች፤ በሌላው ወገን ያንን የሸለሙኝን ጃንጥላ እዘረጋዋለሁ። ይኸው ለሥራ ዋለ። ጀርባችንን ሰጥተናት እንቆማለን። አትዘፍንም፤ እግሯ ግን መፍታታት ጀምሯል።

ስትጨርስ ሁለት ሻሽ ነው የምታወጣው። አንዱን ታስራለች። ሌላውን፣ ደረቁን፣ አጣጥፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ያቺ ስልክ ውስጥ ያለችዋ ስትወጣ እንድትለብሰው። ከዚያ ዞር ብላ ታየኛለች።

«እማማ ዘውዴ፣ ወጣች?»

አዎ ብላት ምናልባት ትዘፍን ይሆናል። ፋጡማም በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔ ግን አልዋሻትም፤ እዚያ ቦታ ላይ የዋሿት ይበቋታል።

«ገና ናት ልጄ» እላታለሁ።

ሻሹን እዚያው እንተወዋለን።